ጎሉንስ አየን፣ ትምህርቱስ?

ደጋፊው፦ ጋሼ፣ አንዴ ይስሙኝና ከዚያ ይቆጡኝ። ወላይታ ድቻ ከውጭ አገር ተጫዋች ሲያስፈርም «ስንት ጎል ያገባልናል?» ብሎ ብቻ መጠየቅ የለበትም። «ጫማውን ሲሰቅል እዚሁ ሶዶ ቀርቶ ልጆቻችንን ያሰለጥናል ወይ?» ብሎም መጠየቅ አለበት። መልሱ «አዎ» ከሆነ የሚከፈለው ገንዘብ አይቆጨኝም።

ተጠራጣሪው፦ አልቆጣም። ግን ነገርን ከሥሩ፣ ውሃን ከጥሩ ነውና ገንዘቡ የማን እንደሆነ እናስቀድም። የአገራችን ክለብ አብዛኛው በትኬት ሽያጭ አይኖርም፤ ከመንግሥት በጀትና ከሕዝብ መዋጮ ነው የሚበላው። ከዚያ ላይ ተቆንጥሮ ለአንድ የውጭ አጥቂ ይከፈላል። ሰውየው አንድ ዓመት ይጫወትና ሻንጣውን ይዞ ይሄዳል። ደመወዙ የዘገየበት ደግሞ ፊፋ ድረስ ይከሳል፤ ስንቱ ክለብ እንዲህ ሆኖ አይተናል። አንተ በዚህ ላይ የአሰልጣኝነት ሥራ ይጨመርለት ትለኛለህ።

ደጋፊው፦ ሻንጣውን ይዞ የሚሄደው ሌላ ነገር ስላልጠየቅነው ነው። ለጎል ጠራነው፣ ጎሉን ሰጠን፣ ሄደ። በመጋቢት 2010 የግብጹን ዛማሌክን ከኮንፌዴሬሽን ካፕ ስናስወጣ ያስታውሱ። ክለባችን ከተመሠረተ ገና ዘጠኝ ዓመቱ ነበር። እነሱ የአፍሪካን የክለቦች ዋንጫ አምስት ጊዜ የወሰዱ ናቸው። ሐዋሳ ላይ 2 ለ 1 አሸነፍን፣ ካይሮ ላይ 2 ለ 1 ተሸነፍን፣ በፍጹም ቅጣት ምት 4 ለ 3 አለፍን። ቶጓዊው አጥቂ ጃኮ አራፋት በዚያ ቡድን ውስጥ ነበር።

ተጠራጣሪው፦ ያንን ሪጎሬ ሶዶ ውስጥ ማን ይረሳል? ግን ያነሳኸው ነገር ለእኔ ነው የሚመሰክረው። የዚያ ቡድን አብዛኛው የአገር ልጅ ነው። ካይሮ ይዞት የሄደው አሰልጣኝ ዘላለም ሽፈራው ነው። ከእሱ በፊት በ2009 የኢትዮጵያን ዋንጫ አንስቶ ወደ አፍሪካ መድረክ ያሻገረን መሳይ ተፈሪ ነው። ሁለቱም ባሕር ተሻግረው አልመጡም። ታዲያ የውጭው ሰው ምን ጎደለንና ነው የሚያስተምረን?

ደጋፊው፦ የጎደለንማ በሚቀጥለው ዙር ታይቷል። ዳሬሰላም ላይ የታንዛኒያው ያንጋ 2 ለ 0 አሸነፈን፤ ሐዋሳ ላይ 1 ለ 0 ብንመልስም አልበቃም። ተሰጥኦ አጥተን አይደለም። ከሜዳ ውጭ ጨዋታን ማረጋጋት፣ ኳስ ሳይዙ መጫወት፣ ጎል ገብቶብን አለመደናገጥ፣ እነዚህ ብዙ አገር የዞረ ሰው በቁስሉ የተማራቸው ነገሮች ናቸው። እርስዎ የሚያከብሩትን ሰው ላንሳልዎት፤ ሉቻኖ ቫሳሎ።

ተጠራጣሪው፦ ሉቻኖን ከባዕድ አትቁጠርብኝ። አስመራ ተወልዶ፣ ለድሬዳዋ ጥጥ ፋብሪካ ተጫውቶ፣ የኢትዮጵያን ማሊያ ለብሶ ያደገ ሰው ነው።

ደጋፊው፦ እኔና እርስዎ አንቆጥረውም። በዘመኑ ግን የቆጠሩት ነበሩ። አባቱ ጣልያናዊ ወታደር፣ እናቱ ኤርትራዊት ናቸው። በ1927 ነሐሴ ሲወለድ የጣልያን ጦር ሊወረን በደጅ ቆሞ ነበር። ልጁ ሲያድግ ለጣልያኖቹ ክልስ፣ ለአበሾቹም ክልስ ሆነ። ስሙን ወደ አበሻ ስም እንዲለውጥ ተጠይቆ እንደነበር፣ ክልስ አምበል ዋንጫ መቀበሉን ያልወደዱ ሰዎች እንደነበሩም ራሱ ተናግሯል። በገዛ አገሩ እንደ መጤ የታየ ሰው ነው። ይኸው መጤ ነው የአገሪቱን ብቸኛ የአፍሪካ ዋንጫ ከፍ አድርጎ ያነሳው።

ተጠራጣሪው፦ ጥር 13 ቀን 1954። ይህን ለእኔ አትንገረኝ። የተባበሩት አረብ ሪፐብሊክ በሚል ስም የመጣችው ግብጽ 2 ለ 1 እየመራች 84ኛው ደቂቃ ላይ ተደረሰ። ሉቻኖ አቻ አደረገ። በጭማሪው ሰዓት ወንድሙ ኢታሎ ሦስተኛውን፣ መንግሥቱ ወርቁ አራተኛውን አገቡ። 4 ለ 2። ንጉሠ ነገሥቱ ዋንጫውን ለአምበሉ ሰጡት። እሺ፣ ከዚያስ?

ደጋፊው፦ ከዚያ በኋላ ያለውን ነው ማንም የማያወራው። መጫወቱን ሲያቆም አሰልጣኝ ሆነ፤ ብሔራዊ ቡድኑንም አሰልጥኗል። በእግሩ የሠራውን በአፉ ማስተላለፍ የጀመረ ሰው ነበር። ከዚያ ደርግ መጣ፤ ሸሽቶ ጣልያን ገባ። በሮም አጠገብ ኦስቲያ ላይ መኪና እየጠገነ ኖረ፤ ለሰፈሩ ልጆችም ኳስ አስተማረ። በ2015 መስከረም እዚያው አገር አረፈ። ያንን እውቀት እኛ ልንወስደው ስንችል የኦስቲያ ልጆች ወሰዱት።

ተጠራጣሪው፦ የጨው ገደል ሲናድ ብልህ ያለቅሳል፣ ሞኝ ይልሳል። ግን ወዳጄ፣ ይህ ታሪክ የአንተን ሐሳብ ያፈርሰዋል እንጂ አያቆመውም። ተወልዶ ያደገባትን፣ ዋንጫ ያነሳላትን አገር እንኳ ጥሎ ለመሸሽ ተገደደ። የራሳችንን ሰው አስተማሪ አድርገን ማቆየት ያቃተን ሰዎች ከሎሜ የመጣውን እናቆያለን?

ደጋፊው፦ ያ የዘመኑ ጥፋት ነው፤ የሐሳቡ ጥፋት አይደለም። ሰው ሲቆይ ምን እንደሚሆን ደግሞ ከሌላ አገር ላሳይዎት። በ1935 እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር፣ ሉቻኖ በተወለደበት ዓመት ማለት ነው፣ ዶሚኒካን ሪፐብሊክ ውስጥ ፌሊፔ አሉ የሚባል ልጅ ተወለደ። ቤዝቦል ተጫዋች ነው።

ተጠራጣሪው፦ ቤዝቦል? ሶዶ ላይ ቤዝቦል የሚጫወት አሳየኝና እሰማሃለሁ።

ደጋፊው፦ የለም። እንደ ገና ጨዋታ ዱላ አለው፣ ኳስ አለው፤ ሌላውን ሕግ እርስዎም እኔም አያስፈልገንም። ከሕጉ አንድ ነገር ብቻ ይያዙልኝ። በዚያ ጨዋታ አሰልጣኞቹ እንደ ተጫዋቾቹ ማሊያ ለብሰው ነው የሚቀመጡት። ሽማግሌ ሆኖ ሆዱ ገፍቶ እንኳ የቡድኑን ማሊያ ለብሶ፣ ቁጥሩን በጀርባው ይዞ ይቀመጣል። መጫወትና ማስተማር አንድ ሥራ ናቸው የሚል ልማድ ነው።

ተጠራጣሪው፦ ልብስ ሰውን አሰልጣኝ አያደርግም። ሰውየውን ንገረኝ።

ደጋፊው፦ ሰውየው የአናጢና የብረት ቀጥቃጭ ልጅ ነው። ሐኪም ልሁን ብሎ ዩኒቨርሲቲ ገብቶ ነበር። ቤተሰቡ ዕዳ ነበረበትና በ200 ዶላር ፈርሞ በ1956 አሜሪካ ገባ፤ የእሱን ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያኑ ነው የምቆጥርልዎት። የተመደበበት የሉዊዚያና ሊግ ጥቁር እንዲጫወት አልፈለገም። ጥቂት ቀን አቆይተው አውቶቡስ ላይ ጫኑትና ወደ ፍሎሪዳ ላኩት፤ ገና እንግሊዝኛ አይችልም። በሁለት ዓመት ውስጥ ሳንፍራንሲስኮ ጃያንትስ ዋናው ቡድን ገባ። በ1963 ከሁለት ወንድሞቹ ከማቲና ከሄሱስ ጋር ሦስቱም በአንድ ጨዋታ ጎን ለጎን ተሰለፉ። እርስዎ ሉቻኖና ኢታሎ በአንድ ፍጻሜ አገቡ ብለው እንደሚኮሩት፣ ዶሚኒካኖችም በዚህ ይኮራሉ። 17 የውድድር ዘመን ተጫወተና በ1974 አቆመ።

ተጠራጣሪው፦ እስካሁን ያወራኸኝ ስለ ተጫዋች ነው።

ደጋፊው፦ አሰልጣኙ ከዚህ ይጀምራል። በሞንትሪያል ኤክስፖስ ክለብ ሥር በየትናንሹ ከተማ ወጣቶችን ሲያሰለጥን ኖረ። በ1992 ዋናውን ቡድን ሰጡት። በአሜሪካ ከፍተኛ ሊግ ዋና አሰልጣኝ የሆነ የመጀመሪያው የዶሚኒካን ተወላጅ እሱ ነው። በ1994 ቡድኑ 74 አሸንፎ፣ 40 ተሸንፎ ከሊጉ ሁሉ ቀዳሚ ሆኖ ሳለ ተጫዋቾች ሥራ አቁመው ውድድሩ ተቋረጠ። ያን ዓመት በምድቡ የዓመቱ ምርጥ አሰልጣኝ ተባለ። የአሜሪካው ውድድር በሚያርፍባቸው ወራት ደግሞ አገሩ እየገባ ኤስኮሂዶ የሚባለውን ክለብ ያሰለጥን ነበር። እንግዲህ ይቁጠሩት፤ ተቀባዩም አገር ተጠቀመ፣ ላኪውም ተጠቀመ።

ተጠራጣሪው፦ እኔም ልቁጠርልህ። በ1974 ተጫዋችነቱ አበቃ፤ በ1992 ዋና አሰልጣኝ ሆነ። መካከሉ 18 ዓመት ነው። ዕድሜው 57 ደርሶ ነው ወንበሩን የሰጡት። ይህ አንድ ነገር ያሳየኛል፤ የዓለም ሀብታሙ ሊግ እንኳ በእግሩና በክንዱ ለሚጠቅመው መጤ በሩን ቶሎ ከፍቶ፣ በጭንቅላቱ ለሚጠቅመው ግን ሲያንገራግር ኖሯል። ሌላም ያሳየኛል። ክለቡ ከእነዚያ ዓመታት በአብዛኛው ደመወዝ እየከፈለ በየትንሹ ከተማ ሊያቆየው የቻለ ነው። የእኛ ክለብ አሰልጣኙን ስንት ጊዜ ያቆያል? መሳይ ዋንጫ ባነሳ በዓመቱ ወንበሩ ላይ አልነበረም። ዋና አሰልጣኝ ዓመት በማይሞላበት አገር ለታዳጊ አሰልጣኝ 18 ዓመት የሚታገስ ማነው?

ደጋፊው፦ እዚህ ላይ አልከራከርዎትም፤ ትዕግሥት የለንም። ግን ዋናውን አሰልጣኝ የሚያስባርረው ውጤት ነው። ታዳጊ የሚያሰለጥን ሰው የሳምንቱ ውጤት አያስጨንቀውም። እኔ የምለውን ሰው ዋና ወንበር ላይ አላስቀምጥም። ጠዋት ከቡድኑ ጋር ልምምድ ይሥራ፤ ከሰዓት በሳምንት ሁለት ቀን ከታዳጊዎቹ ጋር ይዋል። እግሩ ሲደክም ሦስት ቀን፣ አራት ቀን ይሁን። ሥራውን ሳይለቅ ሥራው ይለወጥ።

ተጠራጣሪው፦ እሺ፣ ገንዘቡንም ትዕግሥቱንም እንተው። ዋናው ጥያቄዬ ይህ ነው፤ መጫወት የሚችል ሁሉ ማስተማር ይችላል ወይ? በተፈጥሮው የሚችል ሰው እንዴት እንደቻለ አያውቀውም። «እንዲህ ምታ» ይልሃል፤ አንተ ስትሞክረው ግንብ ትመታለህ፤ ይናደዳል። ሚቾን አስታውስ፤ ሰርቢያዊውን ሚሉቲን ስሬዶጄቪችን። የተጫዋችነት ዘመኑ በአጭሩ የቀረ፣ ማንም በተጫዋችነቱ የማያስታውሰው ሰው ነው። እሱ ግን ቅዱስ ጊዮርጊስን አሰለጠነ፤ ኋላም ዩጋንዳን ከ39 ዓመት በኋላ፣ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ለ2017ቱ የአፍሪካ ዋንጫ አበቃ። አሰልጣኝነት ራሱን የቻለ ሙያ ነው። የሚያስፈልግህ አስተማሪ ከሆነ አስተማሪ ቅጠር፤ በአጥቂ ደመወዝ አስተማሪ አትግዛ።

ደጋፊው፦ ሚቾን ካነሱ መንግሥቱ ወርቁንም ያንሱ። በዚያ ፍጻሜ አራተኛውን ጎል ያገባው ሰው በ1982፣ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር፣ አሰልጣኝ ሆኖ ብሔራዊ ቡድኑን ሊቢያ ይዞ ሄደ። ከዚያ በኋላ በሰውነት ቢሻው ዘመን ለአፍሪካ ዋንጫ እስክንበቃ 31 ዓመት ፈጀብን። ይድነቃቸው ተሰማም ተጫዋች ነበሩ፤ የ1954ቱን ቡድን አሰለጠኑ፤ የአፍሪካን እግር ኳስም መሩ። ስለዚህ ተጫዋችነት ማስተማርን አይከለክልም፤ ዋስትና ግን አይሆንም። በዚህ እስማማለሁ።

ተጠራጣሪው፦ ዋስትና ካልሆነ በምን ትመርጠዋለህ?

ደጋፊው፦ ልምምድ ላይ ቆሞ በማየት። አንድ ቀን እዚሁ ልምምድ ሳይ አንድ ከምዕራብ አፍሪካ የመጣ ተከላካይ ነበር። ኮርና ሊመታ ሲል ከተስፋ ቡድን የመጣውን ልጅ ትከሻውን ይዞ ሁለት እርምጃ ወደ ኋላ ሳበው፤ ደረቱንም ከኳሱ ወደ አጥቂው አዞረው። ቃል አልተናገረም። ኳሱ መጣ፤ ልጁ ኳሱንም አጥቂውንም በአንድ ጊዜ ማየት ስለቻለ ቀድሞ በቴስታ አወጣው። ቀጣዩ ኮርና ሲመታ ማንም ሳይነካው ራሱ ሁለት እርምጃ ወደ ኋላ ሄደ። እኔ የምፈልገው እንዲህ ያለውን ሰው ነው። ኮከብ ይሁን አይሁን ግድ የለኝም። ጎል አግብቶ ማሊያውን አውልቆ የሚሮጠውን ተዉት፤ ሌላውን ሲያስተካክል የሚውለውን ፈልጉ።

ተጠራጣሪው፦ ይህን ወድጄልሃለሁ። ግን ያ ተከላካይ አሁን የት አለ?

ደጋፊው፦ ሄዷል። ውሉ አለቀ።

ተጠራጣሪው፦ ልጁስ?

ደጋፊው፦ ልጁ ይጫወታል። የተማረውም አብሮት አለ።

ተጠራጣሪው፦ ታዲያ ሰውየው ባይቆይም ትምህርቱ ቀርቷል። አንተ «ይቆይ» የምትለው ለምንድን ነው?

ደጋፊው፦ አንድ ልጅ ስለተማረ ነዋ! አንድ ልጅ በአጋጣሚ። ሥራው ቢሆን ኖሮ ሠላሳ ልጅ ይማር ነበር። የኦቶናን ታሪክ እርስዎ ይነግሩኝ አልነበር? በ1920 የኤስ አይ ኤም ሚሲዮናውያን ወላይታ ገቡ። ኦቶና ላይ የሕክምና ሥራ ጀመሩ፤ ፊደልም አስቆጠሩ። መጤ ናቸው፤ ቋንቋውን አያውቁም። ግን ተቀምጠው ተማሩት፣ ተቀምጠውም አስተማሩ። ዛሬ ሐኪም ቤቱ የዩኒቨርሲቲ ማስተማሪያ ነው።

ተጠራጣሪው፦ ኦቶናን ካመጣህ እስከ መጨረሻው አምጣው። ሃይማኖቱን ለየራሳችን እንተወውና አሠራሩን ብቻ እንይ። በ1929 ጣልያን አስወጣቸው። ሲወጡ ያጠመቋቸው ሰዎች ሃምሳ እንኳ አይሞሉም ነበር። ከወረራው በኋላ ሲመለሱ በሺዎች ሆነው ጠበቋቸው። መቼ ነው የበዛው? መጤዎቹ እያሉ አይደለም፤ ከወጡ በኋላ ነው። ለምን? የአገሩ ሰው በአገሩ ቋንቋ፣ ከገበያ ገበያ በእግሩ እየዞረ ስላስተማረ። የአንተ ምሳሌ ለእኔ ነው የሚፈርደው። ዘር የሚያመጣው እንግዳ ሊሆን ይችላል፤ እርሻው ግን የባለአገሩ ነው።

ደጋፊው፦ ዘሩ ባይመጣ ግን የሚታረስ አልነበረም። ደግሞ ያንን ሃምሳ የማይሞላ ሰው ለማስተማር ዘጠኝ ዓመት ተቀምጠዋል። አንድ የውድድር ዘመን ቢቆዩ ኖሮ ማን ይቀር ነበር?

ተጠራጣሪው፦ ይህ ጥሩ መልስ ነው፤ አልክድም። ግን ስሌቱን አንድ ጊዜ አብረን እንሥራ። አንድ የውጭ ተጫዋች የሚከፈለው ለስንት የቦዲቲ፣ ለስንት የአረካ የታዳጊ አሰልጣኝ ደመወዝ ይሆናል? በየቀበሌው በነፃ ልጅ ሰብስበው የሚያሰለጥኑ ወጣቶች አሉ። ኳስ የሚገዙት ከኪሳቸው ነው። የካፍን የአሰልጣኝነት ኮርስ መውሰጃ ቢያገኙ ደስታውን አይችሉትም። አንድ እንግዳ ከማቆየት እነዚህን አሥሩን ማስተማር አይሻልም? ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክም፣ ለሃምሳ ሰው ጌጥ ነው ይባላል።

ደጋፊው፦ ይሻላል፤ ግን አሥሩን ማን ያስተምራቸዋል? ኮርሱ በአጭር ጊዜ ያልቃል። ወረቀት ይዘው ይመለሳሉ። ከዚያ በኋላ ካይሮ ላይ በፉጨትና በጩኸት መካከል ቆሞ የሚያውቅ፣ ጉዳት ደርሶበት ያገገመ፣ ተቀያሪ ወንበር ላይ ወራት የተቀመጠ፣ በባዕድ አገር ማሊያውን ያስከበረ ሰው አጠገባቸው ቢሆን በየቀኑ ይጠይቁታል። አሥሩን ያሰለጥንልን ነው የምለው። ሌላም ነገር አለ፣ ጋሼ። የእኛ ልጆች ይሰደዳሉ። ከጥንት ወንጂ ሸንኮራ፣ ዛሬ አዲስ አበባ ሊስትሮና ሎተሪ። ልጁ ከቤት ሲወጣ ከሁሉ ዝቅ ያለውን ሥራ ሊሠራ እንደሚሄድ ነው የሚያውቀው። ከሩቅ አገር መጥቶ፣ ተጫውቶ፣ ተከብሮ፣ አስተማሪ ሆኖ የቀረ ሰው በዓይኑ ቢያይ፣ ስደት በጉልበት ብቻ እንዳልሆነ ይገባዋል።

ተጠራጣሪው፦ የመጨረሻው ነገር ልቤን ነካው፤ ግን ክለብ በልብ አይመራም። በጀት ሲጸድቅ ይህን ሐሳብ ለቦርዱ ይዘህ ብትገባ «ስንት ነጥብ ያመጣል?» ይሉሃል።

ደጋፊው፦ እኔም «በአምስት ዓመት ውስጥ ከውጭ የምትገዙት ተጫዋች ይቀንሳል» እላቸዋለሁ። አስተማሪው ከቀረ ተተኪው እዚሁ ይበቅላል። ሥራውን በደንብ ከሠራ ከውጭ የምናስመጣው የመጨረሻው ሰው እሱ ራሱ ሊሆን ይችላል።

ተጠራጣሪው፦ እንዲያ ከሆነ ሁኔታዬን ስማ። አንደኛ፣ ማሰልጠኑ በአፍ ሳይሆን በውሉ ላይ ይጻፍ፤ ስንት ሰዓት፣ ከስንት ዓመት ልጆች ጋር። ሁለተኛ፣ ብቻውን አይሥራ። ወላይትኛ የሚናገር የአገር ልጅ ረዳት ሆኖ ከጎኑ ይቁም፤ ሰውየው በሄደ ማግስት ያ ረዳት ሥራውን ይቀጥል። ሦስተኛ፣ ደመወዙ በወሩ ይከፈል። ያልተከፈለው ሰው ምንም አያስተምርም፤ ቢያስተምርም የሚያስተምረው ምሬት ነው።

ደጋፊው፦ ሦስቱንም ተቀብያለሁ። ቦርዱ ዘንድ አብረውኝ ይገባሉ?

ተጠራጣሪው፦ እገባለሁ፤ ግን እዚያም ሐሳቤን አልደብቅም። ገንዘቡ ለአንድ ሰው ብቻ የሚበቃ ከሆነ፣ እኔ የምሰጠው በገዛ ኪሱ ኳስ ለሚገዛው የቦዲቲ ልጅ ነው። ለሁለት የሚበቃ ከሆነ፣ ሁለተኛውን ሰው አንተ ምረጥ፤ እኔ እፈርምልሃለሁ።